ቆላው የነጣ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ መንገድ ዳር ካለ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል። የምታስተናግደው ልጅ ለስላሳ አመጣችልኝና ብርጭቆው ውስጥ በረዶ ጣል ጣል አደረገችበት። «ቀዝቀዝ ይበልልዎት ብዬ ነው፣ እማማ» አለችኝ። ጥርሴ እንዲህ ያለውን ነገር ከተወ ቆይቷል፤ ቢሆንም አንዷን አንኳር በጣቴ አወጣሁና ምላሴ ላይ አስቀመጥኳት። የገለባና የአፈር ጣዕም ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ ይኼኛው ምንም ምንም አይልም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስጨፍን ያ ቤታችን መጣ፤ ከቤታችን ጋርም ያ የድሮ ቅናቴ መጣ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ልጄ፤ እሱን ግን አልረሳሁትም።

ጣልያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው። ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ወዲህ፣ ቆላው አልቆ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ካለች ትንሽ መንደር ውስጥ ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ አዲሱ መንገድ ዳር፣ ጣልያኖቹ ካምፕ ሠርተዋል። ወደ ጣርማ በር የሚወጡት ካሚዮኖች ቀኑን ሙሉ ሲያቃስቱ ይሰማናል። አባቴ ዱር ከገባ ቆይቷል። አንዳንዴ እኛ ተኝተን ይመጣል፣ እናቴ ስንቅ ታስይዘዋለች፣ እኔ ስነቃ የለም። የተኛበት አጎዛ ሙቀት ብቻ ይቀረኛል። እጄን እዚያ ላይ አድርጌ ታላቅ እህቴን «አየሽው?» እላታለሁ። «አዎ፣ አየሁት» ትለኛለች። ሁልጊዜ እሷ ታየዋለች፤ ሁልጊዜ እኔን እንቅልፍ ይጥለኛል።

ለወላጆቼ የቀረንላቸው ሁለታችን ብቻ ነበርን። በመካከላችን የተወለዱትን ንዳድ ወስዷቸዋል፤ ስለዚህ እኔ የወተት ጥርሴን ስነቅል እሷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። ቆንጆ ነበረች። አሁን ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏልና፣ የሞተ ሰው መሞገሱ ነው ብለህ እንዳታስብ። በቁሟም ቆንጆ ነበረች፤ እኔም በቁሟ ነው የቀናሁባት። እንስራ ተሸክማ ከወንዝ ስትወጣ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያታል። እኔ በትንሿ ማሰሮዬ ከኋላዋ እከተላለሁ፤ እኔን የሚያይ የለም።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ፣ ካምፑ ውስጥ ያለው የባንዳ አለቃ እህቴን ለጋብቻ ሽማግሌ ላከባት። እናቴ ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ ተቀብላ፣ «ጾም ነው፤ ፋሲካ ይለፍና መልሱን ትሰማላችሁ» ብላ ሸኘቻቸው። ከመካከላቸው አንደኛው ሲሄድ ዞር አለና፣ «እምቢ የሚሉት ሰው እንዳይመስልሽ፣ እመቤት» አላት። ይህ ማስፈራሪያ መሆኑ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ዳገት ወጥተው የመጡት ለእሷ ነው። ማታውኑ እናቴን «ለኔስ መቼ ይመጣሉ?» ብዬ ጠየቅኳት። በጥፊ ልትለኝ እጇን አነሳች፤ መልሳ ደግሞ አንገቴ ሥር ገብታ አቀፈችኝ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ አባቴ ቤት ውስጥ አለ። አልሄደም። በርኖሱን ደርቦ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ ከእናቴ ጋር በሹክሹክታ ያወራል። እህቴ ጉልበቷን አቅፋ ከአጠገባቸው ናት። ዘልዬ ስነሳ ሦስቱም ዝም አሉ። «ተነሳሽ?» አለኝ አባቴ፤ ጢሙ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ደስ ብሎኝ እንኳ ግን ያችን ዝምታ ልብ ብያታለሁ። ሦስት ሰው የሚያውቀው፣ እኔ የማላውቀው ነገር ቤቱ ውስጥ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ቀድሞ ነፋስ መጣ፤ ከዚያ አንድ ሁለት እያለ የሳር ክዳኑን የሚመታ ነገር ተሰማ። «ማነው ድንጋይ የሚወረውር?» አለች እናቴ። ወዲያው ወረደ። በእኛ አገር በረዶ ቢጥል እንኳ ትንሽ ጠብ ጠብ ብሎ መሬት ሳይነካ ይቀልጣል። ይኼ ግን መጀመሪያ የባቄላ ፍሬ፣ ኋላ የሎሚ ፍሬ የሚያህል ነበር። ፍየሎቹ እየጮኹ ተጋፍተው ገቡ። በሩን ዘጋን። በሳር ቤት ላይ በረዶ ሲወርድ እንደ ቆርቆሮ አይጮህም፤ ታፍኖ፣ ብዙ ሕዝብ ከአናትህ በላይ የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ድንገት ቆመ።

አባቴ በሩን ከፈተው። ያን ቀን ያየሁትን ብርሃን ደግሜ አላየሁም። ግቢው፣ አጥሩ፣ የማሽላው ማሳ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ነጭ ሆኗል። ብርሃኑ ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ነበር የሚወጣው። የተቀጠቀጠው ጤና አዳምና በሶብላ ሽታው ቤቱን ሞላው። አዝመራ ቢኖር ኖሮ ቁጭ ብለን እናለቅስ ነበር፤ ማሽላው ግን ገና ከአፈር አልወጣም። ከታች ሮቢ ሞልቶ ያገሳል። የካሚዮን ድምፅ የለም። አባቴ ቆሞ ብዙ አዳመጠ። «ከማዶ ዛሬ ማንም አይሻገርም» አለና በርኖሱን አውልቆ ሰቀለው። በርኖሱን ቤታችን ውስጥ ሲሰቅል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀኑ የእኛ ሆነ። እናቴ ማሽላ አፈነዳች። የፈንድሻው ሽታና ከደጅ የሚመጣው ቅዝቃዜ ተቀላቅሎ፣ ደረቴ ላይ ሲደርስ የሚያስቀኝ ነገር ነበረው። እኔ በቅል በረዶ እያፈስኩ አስገባለሁ፤ ይቀልጣል፤ ደግሜ እወጣለሁ። አባቴ ገበጣውን ከቆጥ አወረደ። «ጠጠሩ ጠፍቷል፤ በዚሁ እንጫወት» ብሎ ጉድጓዶቹን በበረዶ ሞላቸው። ሮጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ቆይ፣ እህትሽ ትጫወት» አለኝ። «አንቺ የቀለጠውን እየተካሽልን።»

ተነሳሁ። እነሱ ተጫወቱ። እህቴ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «አባዬ፣ ያጭበረብራሉ! የኔን በጣትዎ እያቀለጡ ነው!» ትላለች። «ጣቴ ቢሞቅ ምን ላድርግ?» ይላታል። በረዶው ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘዋወር ውሃ እየሆነ ማን እንዳሸነፈ ጠፋ። እናቴም በእጅጌዋ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር። እኔ ቅሌን ይዤ ቆሜያለሁ። ሆዴ ውስጥ አንድ የበረዶ አንኳር የዋጥኩ ይመስለኝ ነበር፤ አልቀልጥ ያለ።

ከዚያ እናቴ እህቴን ከእግሯ መካከል አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራት ጀመር። ያለንን ቅቤ ሁሉ አናቷ ላይ ጨረሰችው።

«ለፋሲካ አይደል የሚሠራው?» አልኩ።

«ቀድሜ ልሥራላት ብዬ ነው።»

«ለኔስ?»

«ነገ።»

«ቅቤው አልቋል እኮ!»

እናቴ ሹሩባውን በጣም በቀስታ ነበር የምትጎነጉነው፤ በየመሀሉ እጇን እህቴ አናት ላይ ታሳርፋለች። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ጭሱ ነው» አለችኝ። ምድጃው ውስጥ ግን ፍም ብቻ ነበር።

ፀጉሯ ተሠርቶ ሲያልቅ አባቴ ምንሽሩን አወጣ። አጎዛ ላይ ፈታትቶ ዘረጋው። ያንን ጠመንጃ እኔ ልነካው ቀርቶ ተሻግሬው እንኳ እንዳላልፍ ተከልክያለሁ። እህቴን ግን «ግጠሚው» አላት። ገጠመችው። «አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ» አላት። ጨፍና፣ በጣቶቿ እየዳሰሰች፣ አንዱን ብረት ከአንዱ አገጣጠመችው። አባቴ ትክ ብሎ አያት። እንደዚያ አድርጎ ሰው አይቶኝ አያውቅም፣ ልጄ። ያኔም፣ ከዚያም ወዲህ።

«እኔም!» ብዬ ጮኽኩ።

«አንቺ ነይ፣ እንቅልፍሽ መጥቷል» አለና ጭኑ ላይ ሳበኝ። እንቅልፌ አልመጣም ነበር። እነሱ በእኔ ላይ በዝግታ ሲያወሩ ድምፁ በሆዱ በኩል ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይሰማኝም። ላለመተኛት ከንፈሬን ነከስኩ። ሙቀቱ አሸነፈኝ።

የነቃሁት ከደጅ በመጣ የሰው ድምፅ ነው። ከአባቴ ሰዎች አንዱ፣ ቀኑን ሙሉ ከአለቱ ላይ ሆኖ ወንዙን ሲጠብቅ የዋለ ጎልማሳ፣ በሩ ላይ ቆሟል። «ጌታዬ፣ ውሃው መጉደል ጀምሯል» አለ። አባቴ ተነሳ። በርኖሱን አወረደና፣ እሱ ይለብሰዋል ስል፣ ለእህቴ ደረበላት። እናቴ ስንቁን ከእህቴ ጀርባ ላይ አሰረች። ያን ጊዜ ገባኝ። ለምን እንደምትሄድ አይደለም የገባኝ፤ እሷ ከእሱ ጋር እንደምትሄድና እኔ እንደምቀር ነው።

«እኔስ?»

አባቴ ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። «አንቺ እናትሽን ትጠብቂልኛለሽ።»

«እሷ ትጠብቃት! ሁልጊዜ እሷ፣ ሁልጊዜ እሷ!»

እህቴ ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ቅቤው ሸተተኝ። ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም፤ ድምፄን አውጥቼ እያለቀስኩ ነበር። በነጩ መሬት ላይ ሦስቱ ወደ ዳገቱ ሄዱ። ከኋላቸው ሮጥኩ፤ በረዶው እግሬን እንደ እሳት ፈጀኝ። እናቴ አጥሩ ጋ ደረሰችብኝና አንስታ ያዘችኝ። ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን ዱካቸውን አየን። የአባቴ ትልቁና የእህቴ ትንሹ ዱካ ጎን ለጎን ነበር። ፀሐይ ከደመናው ሥር ብቅ አለችና ሳትጠልቅ ዱካው ሁሉ ውሃ ሆነ።

በማግስቱ እናቴ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። «ያ ሰው እህትሽን በግድ ሊወስዳት ነው። አባትሽ ለባንዳ ልጅ አይሰጥም። ማንም ቢጠይቅሽ፣ ታማ ማጀቴ አገር አክስታችን ዘንድ ለጠበል ሄደች በይ።» ደጋግማ አስጠናችኝ። እኔም በልቤ፣ እኔንም በግድ የሚወስደኝ ሰው በመጣ እል ነበር። የሕፃን ነገር።

ፋሲካ አልፎ ሽማግሌዎቹ ሊመለሱ ሲሉ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ በሩቁ እየጮኸ መጣ። መርዶ ነው። እህቴ ማጀቴ ላይ በንዳድ ሞታ እዚያው ተቀብራለች አለ። ውሸት መሆኑን የምናውቀው እሱና እኛ ብቻ ነበርን። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ለቅሶው የውሸት ነበር ልልህ አልችልም፤ እናቴ የልጇን መኖር በምን ታውቃለች? ያን ሁሉ ሳምንት የዋጠችውን ያን ቀን አወጣችው።

አልቃሾቹ ደግሞ እህቴን አነሷት። ቁመቷን፣ አንገቷን፣ ውሃ ስትቀዳ አረማመዷን፣ ለሰው ያላትን ትሕትና። አንዷ ስትተው አንዷ ትቀበላለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። በሕይወት ያለች ልጅ፣ ከአባቷ ጋር ያለች ልጅ፣ በርኖስ ለብሳ የሄደች ልጅ፣ ይህ ሁሉ ይባልላታል። እኔ ብሞት ስለ እኔ ምን ይባላል ብዬ አሰብኩ። ማሰሮ ይዛ ትከተል ነበር? ይህን ሳስብ ሳጌ መጣ፤ ድፍት ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ «ምስኪን፣ እህቷን እንዴት ብትወዳት ነው!» እያሉ ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ።

የባንዳው አለቃም መጣ። ያ የምንፈራው ሰው መለዮውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከወንዶቹ መካከል ተቀመጠ። ሲወጣ ዓይኑን በመሐረብ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ያዘነ ይመስለኛል። እሱም እንኳ ለእሷ አዘነ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ አልመጣም። ወሬ ብቻ ይመጣ ነበር። ካራቆሬ በኩል ታዩ ይባላል፤ ወደ ደጋው ወጡ ይባላል። ከእነሱ መካከል ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ጥይት የምትሸከምና ቁስለኛ የምታነሳ ልጅ አለች ይባላል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔ ደግሞ ያንን ቅቤ የጠጣ ሹሩባ አስባለሁ፤ ተቆረጠ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ያም ቢሆን፣ ሌላውን ሁሉ ትቼ ከእሱ ጋር ስንቅ ስትበላ፣ ከእሱ ጋር እሳት ስትሞቅ ነበር የምትታየኝ።

ጣልያን ለቆ በወጣበት ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ከውሃ ስትመለስ «በስመ አብ!» ብላ እንስራዋን ለቀቀችው። ያለቀሰችላት ልጅ በዳገቱ እየወረደች ነው። ሰው እየጮኸ አማተበ፤ ከዚያ እየጮኸ ሳማት። እናቴ ግን ደጃፉ ላይ እንደቆመች አልተንቀሳቀሰችም። እህቴን አልነበረም የምታየው። ከእህቴ በስተኋላ ያለውን መንገድ ነበር የምታየው። እህቴ ደርሳ እግሯ ላይ እስክትወድቅ ድረስ መንገዱን አየችው። የሚከተላት ሰው አልነበረም።

ለአባቴ የእውነቱን ለቅሶ አለቀስን። ያን ጊዜም፣ እግዚአብሔር ይየው፣ ሐዘኔ ውስጥ ያ የማይቀልጥ ነገር ነበረ። ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚጠይቀው እሷን ነው። ምን ይበላ ነበር፣ የት ያድር ነበር፣ እንዴት ሞተ፤ ሁሉን የምታውቅ እሷ። ለእናቴ እንኳ የባሏን የመጨረሻ ዘመን የምትነግራት እሷ። እኔ አንድ ቀን ነበረኝ፤ በረዶ የጣለ አንድ ቀን፤ እሱንም ግማሹን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።

የዚያን ዓመት ማሽላው ሲያሽት ወፍ እንድንጠብቅ እናቴ ሁለታችንንም ማሳ ላከችን። ማማው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ የማሽላው ራስ ቀልቷል፣ ነፋሱ ሲያልፍበት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። እህቴ ወንጭፏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማሳውን ታያለች። ከመጣች ወዲህ ብዙ አትናገርም ነበር።

«እትዬ» አልኳት፣ «ሲሞት ምን አለሽ?»

«ለኔ ምንም አላለኝም።»

የምትደብቀኝ መሰለኝ። «ንገሪኝ። ሁሉንም አንቺ ወስደሽ ይህችን እንኳ ትከለክይኛለሽ?»

ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ወዲያው አወቅሁት፤ የራሴ ነበርና።

«ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ ትኩሳቱ አእምሮውን ወሰደው» አለችኝ። «ዋሻ ውስጥ ነበርን። ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ፣ የምገለብጠው እኔ ነኝ። እሱ ግን ዓይኑን ገልጦ እኔን አያይም። ስምሽን ነበር የሚጠራው። ቀን ከሌት አንቺን። ወደ ደጅ ወጥተሽ የጠፋሽ ይመስል፣ እንዲያ አድርጎ ይጠራሻል። እኔ ነኝ አባዬ፣ አለሁ ብለው አይሰማኝም። ስምሽን ብቻ። ኋላ...» ወንጭፉን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «ኋላ ሳልወድ በግድ አቤት አልኩት። አንቺን ሆኜ አቤት ስለው ዝም አለ። እጄን ይዞ፣ ያንቺ መስሎት፣ በዚያው አረፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት።»

ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፈሩ። ማናችንም አላባረርናቸውም። ይቅርታም አልነበረም፣ ማጽናኛም አልነበረም አፌ ላይ የመጣው።

«እንዴት ነበር የሚጠራኝ?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ድምፁን። እስቲ እንደሱ አድርገሽ ጥሪኝ።»

ወንጭፉን ከጣቷ ላይ ፈታችው። ከዚያ ማማው ላይ ብድግ ብላ ቆመች፤ እጇን አፏ ዳር አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ማሳው መለሰች። ስሜ ከአባቴ ጉሮሮ የወጣ ያህል ወፍሮ፣ መጨረሻው ላይ ሳብ ብሎ፣ በማሽላው ላይ ሄደ። ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ።

«አቤት» አልኩ።